ትንሽ እንተንፍስ



ዛሬ ልናወራችሁ የተነሳነው ስለ አንድ ግስ ነው፤ «ተነፈሰ» ስለሚለው። ሰው በቀን 20,000 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ቃሉንም ሳናስበው በየሰበቡ እንጠራዋለን። እኛ ግን የዚህን ግስ ትርጉም በደንብ የተማርነው በአንድ ወንድማችን ላይ ጥፋት ካጠፋን በኋላ ነው። ስለዚህ ወሬያችን ከቋንቋ ቢጀምርም የሚያበቃው አደራ ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር በየቅዳሜው ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንጦጦ መውጣት ጀምረን ነበር። አምስት ነን። አራታችን የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ቀበና አካባቢ ያደግን ስንሆን አምስተኛው ወንድማችን ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዶርም የሚኖር ነው። ዓርብ ማታ ከአንዳችን ቤት ያድርና ሱብሒን በሰፈር መስጂድ አብረን ሰግደን፣ በጉራራ በኩል አድርገን ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፉ እንገባለን። በዚያ ሰዓት ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ከላይ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ጀርባቸውን አጉብጦት መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሚሄዱት። መንገድ ለቀን «አይዟችሁ» ስንላቸው፣ ለመመለስ የሚተርፍ ትንፋሽ ስለሌላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ዳር ያለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን ሳያወርዱ አስደግፈው ይቆማሉ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ያ ወንድማችን ቆመና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ቆዩ እስቲ፣ ትንሽ እንተንፍስ» አለ።

ከመካከላችን አንዱ «እስካሁን ሳትተነፍስ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ ቀለደበት። ሳቅን፤ ሳቁም ራሱ ትንፋሽ አሳጠረን። ተቀመጥን።

እንደ እውነቱ ከሆነ ልጁ ማረፉ ትክክል ነበር። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አንደኛ ደረጃ ሳለን «ከፍታ ላይ ኦክስጅን ይቀንሳል» ብለን ሸምድደን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስናሰላው ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። የኦክስጅኑ ድርሻ አይቀንስም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይም እንጦጦ ላይም ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 3,000 ሜትር ላይ ግፊቱ የባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሯጮቻችን በማለዳ እዚያ ጫካ ውስጥ የሚሮጡትም ለዚህ ነው። አካል ባነሰ ኦክስጅን መሥራትን ሲለምድ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያበዛል።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቃሉን መልቀም ጨዋታችን ሆነ። ወንድማችን «እንተንፍስ» ሲል አየር እንሳብ ማለቱ አልነበረም፤ እንረፍ ማለቱ ነው። ፈተና ሲያልቅ «ተነፈስን» እንላለን። ፕሮጀክትና ሪፖርት ሲደራረብብን «መተንፈሻ አጣን» እንላለን። የወደድነውን መጽሐፍ «በአንድ ትንፋሽ» እንጨርሰዋለን። እንጦጦን ደግሞ የከተማዋ ሳንባ የሚሉት አሉ።

ከዳገቱ ወርደን ወደ አራት ኪሎ ስንሄድ ቀበና ላይ ሚኒባሱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ረዳቱ ወርዶ አየና «ተንፍሷል!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ወርደን ጎሚስታ ፍለጋ ሲዟዟሩ ቆመን አየን። ጎማ ይተነፍሳል፤ ኳስ ይተነፍሳል፤ ሲፎክር የከረመ ሰውም አንድ ቀን ይተነፍሳል። ልብ በሉ፤ ሰው ሲተነፍስ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ ግን አለቀለት ማለት ነው።

ከሁሉም የገረመን ከንግግር ጋር ያለው ዝምድና ነው። ምንም ያልተናገረ ሰው «ቃል አልተነፈሰም» ይባላል። ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር ለታናናሾቻችን «ትንፍሽ እንዳትሉ!» እንል ነበር። የተጨነቀ ሰው ብሶቱን ሲያወጣ «ተነፈሰ» እንላለን፤ ሚስጥር ያወጣውንም ሰው «ተነፈሰው» እንለዋለን። አንደኛው ራሱን አዳነ፤ ሁለተኛው ሰውን ከዳ። ግሱ ግን ያው ነው።

ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። ነፋስ ይነፍሳል። ሰው ሲደክመው በመናፈሻ ውስጥ ሊናፈስ ይወጣል። የከረመ ልብስ ፀሐይ ላይ ይናፈሳል፤ ወሬም ይናፈሳል። እርጉዝ ሴት ነፍሰ ጡር ትባላለች፤ ክፉና ደግ መለየት የጀመረ ልጅ ነፍስ አወቀ ይባላል። ነፍስና ትንፋሽ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው።

እኛ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችሁ የሁለት ትምህርት ቤት ልጆች ነን፤ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ መድረሳ። ስለ ትንፋሽ ሁለቱም አስተምረውናል።

መድረሳ ውስጥ ውኃ ስንጠጣ ዕቃው ውስጥ እንዳንተነፍስ፣ ይልቅስ ከአፋችን አርቀን ሦስት ጊዜ እየተነፈስን እንድንጠጣ የተማርነው ገና ፊደል ሳንለይ ነው፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነውና። ተጅዊድ ስንጀምር ኡስታዛችን መዳፋችንን አፋችን ፊት አስደርገው «ሲን» እና «ፋእ» በሉ አሉን። ትንፋሹ መዳፋችን ላይ ተሰማን። ቀጥለው «ባእ» እና «ዳል» በሉ አሉን፤ አልተሰማንም። ትንፋሽ አብሯቸው የሚፈስ ፊደላት አሥር እንደሆኑ፣ ይህም ባሕርያቸው «ሀምስ» እንደሚባል የያዝነው በመዳፋችን ነው። ከዚያ «ወቅፍ» እና «ሰክት» መጡ። ወቅፍ ላይ ቆመን እንተነፍሳለን፤ ሰክት ላይ ድምፃችንን እንይዛለን እንጂ አንተነፍስም። በሐፍስ ንባብ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አራት ናቸው፤ በከህፍ፣ በያሲን፣ በቂያማና በሙጠፊፊን ሱራዎች ውስጥ። ኡስታዛችን አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፤ «የት እንደምትተነፍስ አስቀድመህ ካላሰብክ፣ መተንፈስ በሌለብህ ቦታ ትተነፍስና ትርጉም ታበላሻለህ» ይሉን ነበር። ያኔ ስለ ቂርአት ብቻ የሚያወሩ መስሎን ነበር።

ዐረብኛና አማርኛ እህትማማች ቋንቋዎች መሆናቸውን የምናየው እንዲህ ባሉ ቃላት ነው። ነፍስ በሁለቱም ነፍስ ነው። በአማርኛ «ነፋ» የምንለውን ግዕዝ «ነፍኀ» ይለዋል፤ ዐረብኛውም «ነፈኸ» ይላል፤ በቂያማ ሱሩ ሲነፋ የምንሰማው ግስ ይኸው ነው። «ተነፈሰ» ደግሞ ፊደሉን እንኳ አልቀየረም ማለት ይቻላል፤ ዐረቡ «ተነፍፈሰ» ይላል። በሱረቱ ተክዊር፣ በ81ኛው ምዕራፍ 18ኛ አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ) በንጋት ሲምል ለንጋቱ የሰጠው ግስ ይህ ነው። ንጋት ይተነፍሳል። ልጅ ሆነን ስንሐፍዘው ትርጉሙን አናውቅም ነበር። እንጦጦ ላይ ቆመን፣ ጨለማው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየለቀቀ፣ ከየካ እስከ ቦሌ ያሉት ጣሪያዎች አንድ በአንድ ሲታዩን ግን ሱብሓነላህ ከማለት ሌላ ቃል አልነበረንም።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሥርዓተ ትንፈሳን አስተማረን። የምንስበው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ካለው የምናስወጣው 16 በመቶ ገደማ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ከ0.04 በመቶ ተነስቶ ወደ 4 በመቶ ይደርሳል፤ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ትንፋሻችንን አፍነን ስንቆይ ቶሎ የሚያስጨንቀን በዋናነት የኦክስጅኑ ማነስ አይደለም፤ ያልወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማችን ውስጥ መከማቸቱ ነው። አንጎላችን «ተንፍስ» ብሎ የሚያስገድደን እሱን ለክቶ ነው። ሰው የሚታፈነው የሚገባው ሲያንስ ብቻ አይደለም፤ መውጣት ያለበት ሳይወጣ ሲቀርም ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ።

በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ያው መታጠፊያ ላይ፣ እንደ ልማዱ «ትንሽ እንተንፍስ» አለ። ተቀመጥን። ዝም ብሎ ቆየና መናገር ጀመረ። እናቱ ከታመሙ ወራት ሆኗቸዋል። አባቱ የሉም፤ ታናናሾቹ ገና ተማሪዎች ናቸው። ቤት ለቤት እያስጠና የሚያገኘውን ሁሉ ይልክ ነበር፤ አሁን አልበቃ አለ። የዊዝድሮዋል ፎርም አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ይዞ መዞር ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረን። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረነው ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከከፍታው የተነሳ መስሎን ነበር።

ሲጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ አበስ አደረገና «አልሐምዱሊላህ፣ ተነፈስኩ» አለ። ከዚያ ቀጠለ፤ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። አማና ነው።»

«ኢንሻአላህ» አልን።

እሁድ ማታ ከመካከላችን አንዱ ሐሳብ አመጣ። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ ወንድም እየሰጠመ ዝም ይባላል ወይ? በትልቁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጭር መልእክት ጻፈ። ስም አልጠቀሰም። «አንድ ወንድማችን» ብሎ ጀመረ፤ የስንተኛ ዓመት እንደሆነ፣ የየትኛው ዲፓርትመንት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ እናቱ መታመማቸውን፣ ትምህርቱን ሊያቋርጥ መሆኑን ጻፈ። መልእክቱን የጻፈው አንዱ ነው፤ የቀረነው ሦስታችን ግን አንብበን «ማሻአላህ» ብለንበታል፤ ልብም ሰጥተነዋል። እዚህ ጽሑፍ ላይ «እኛ» የምንለው ከጥፋቱ ለመሸሸግ አይደለም፤ ጥፋቱ የአራታችንም ስለሆነ ነው።

ስም አልጠቀስንም ብለን ተጽናናን። ግን በዚያ ዓመት፣ በዚያ ዲፓርትመንት፣ ከዚያ አካባቢ የመጣ ስንት ሰው አለ? አላህ ይስጣቸውና ሰዎች ከጠበቅነው በላይ ላኩ። ማክሰኞ ማታ ገንዘቡን ቆጥረን ደስ ብሎን ተኛን።

ረቡዕ ምሳ ሰልፍ ላይ አንድ ተማሪ የወንድማችንን ትከሻ ያዝ አድርጎ በመልካም ልብ «እናትህ እንዴት ናቸው? አላህ ያሽራቸው» አለው። ወንድማችን «አሚን» አለ። ከሰልፉ ወጣ። ምሳ ሳይበላ ሄደ።

ዓርብ ማታ አልመጣም፤ የሚቀጥለው ዓርብም አልመጣም። ገንዘቡን በፖስታ አድርገን ዶርሙ ሄድን። ተቀበለን፤ አልጋው ላይ አስቀመጠን፤ ሻይ እንኳ ሊያመጣልን ተነስቶ ነበር። ፖስታውን ግን አልነካውም። «ላወጡት መልሱላቸው፤ ካልሆነም ለሌላ ለተቸገረ ስጡት» አለ። «እናንተን አልተቀየምኩም። ግን እናቴ መታመሟን ለገዛ ወንድሟ እንኳ አልነገረችም። ሚስጥሩ የኔ ብቻ አልነበረም፤ የሷም ነው።»

ስንወጣ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሰማነውን ሐዲስ ከፍተን ቃሉን የተመለከትነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኘው፣ ኢማሙ ነወዊም በአርባ ሐዲሳቸው 36ኛ አድርገው ያስቀመጡት ታላቅ ሐዲስ ነው። የመጀመሪያው ክፍሉ አማኝን ከዱንያ ጭንቅ ስለገላገለ ሰው ይናገራል፤ ምንዳው በቂያማ ቀን ከራሱ ጭንቅ መገላገል ነው። በአማርኛ «ገላገለ»፣ «አስወገደ» ብለን እንተረጉመዋለን እንጂ የዐረብኛው ግስ «ነፍፈሰ» ነው። ከ«ተነፈሰ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ቃል በቃል ብንወስደው እንዲተነፍስ አደረገ፣ አየር ሰጠው ማለት ነው። ያው ሐዲስ ወረድ ሲል ደግሞ የሙስሊም ወንድሙን ነውርና ገበና ስለሸፈነ ሰው ይናገራል። ማስተንፈስና መሸፈን በአንድ ሐዲስ ውስጥ አብረው ነው የመጡት። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው።

በአማርኛችን «ማስተንፈስ» ሁለት ነው። የታፈነን ሰው ማስተንፈስ አለ፤ ጎማ ማስተንፈስም አለ። ወንድማችን ዳገቱ ላይ በራሱ ፈቃድ ሲናገር ተነፈሰ። እኛ በቴሌግራም ስናወጣው እንደ ጎማ አስተነፈስነው። ሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድበት አየር ያ ሚስጥር ነበር፤ ያንን ነው የወሰድንበት። መድረሳ ውስጥ ሌላ ሰው የሚጠጣበት ዕቃ ውስጥ እንዳንተነፍስ ተምረን አድገን፣ ሁሉም በሚጠጣበት ዕቃ ውስጥ ተነፈስን።

ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን የምንጽፈው እናንተንም ያው ነገር እንዳይገጥማችሁ ነው። የጀመዓችን ልጆች ደግ ናቸው፤ ለችግረኛ እጃቸው ይፈታል። ግን ሰደቃ ስንሰበስብ የሰውን ታሪክ እንደ ማስታወቂያ የመዘርዘር ልማድ ይዘናል። ታሪኩ ሲያሳዝን ብሩ ይጨምራል ብለን እናስባለን። ምናልባትም ይጨምራል። የሚቀንሰው ነገር ግን በቴሌብር አይታይም። አላህ በጥላው ሥር ከሚያደርጋቸው ሰባት ሰዎች አንዱ፣ ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማታውቅ ድረስ ደብቆ የሚመጸውት ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ላይ የሚደበቀው የሰጪው መስጠት ነው፤ የተቀባዩ መቀበልማ እንዴት አይደበቅ?

ዝም ማለት ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችንም አይደለም። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጃቸው ዩሱፍ ያየውን ሕልም ለወንድሞቹ እንዳይነግር መክረውታል። ግን ልብ በሉ፤ ዩሱፍ ሕልሙን ለአባቱ ነግሮ ነበር። የሚነገርለት ሰው ነበረው። ጭንቁን ለማንም ሳይተነፍስ ከካምፓስ የሚወጣ ተማሪ እንዳለ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን አልጋው ባዶ ሆኖ ሲገኝ «ምን ሆኖ ነው?» እንባባላለን። የሚነገርለት ሰው ከሌለ ያ ሰው መሆን አለብን፤ ሰው ሊነግረን እንዲችል ደግሞ አስቀድመን አፋችን የታመነ መሆን አለበት። የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ነው ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ማገዝ ለሚችል አንድ ሰው ብቻ፣ ባለቤቱ እያወቀ ንገሩ። ለአንድ ሐኪም ወይም ለአንድ ኡስታዝ መናገርና ለአንድ ሺህ ሰው መናገር አይገናኙም።

በኢንተርንሺፕ ያየነውን አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። በዘይት የተሞላ ትልቅ ትራንስፎርመር ይተነፍሳል። ጭነት ሲበዛበት ዘይቱ ይሞቅና ይሰፋል፤ አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ሌሊት ሲበርድ ዘይቱ ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አየሩ የሚገባውና የሚወጣው በአንዲት መተንፈሻ ቱቦ ነው፤ እሷም ውስጥ ሲሊካ ጄል የሚባል ጠጠር አለ። ጠጠሩ ከአየሩ እርጥበቱን እየመጠጠ ያስቀራል፤ እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ከገባ የመከላከል አቅሙን ያበላሸዋልና። ትራንስፎርመር ጭነት ስላለበት አይፈነዳም፤ ጭነቱማ ሥራው ነው። ግን በደህና መተንፈስ አለበት። እንዲህ ያለ ወዳጅ ነው የሚያስፈልገን፤ ሰምቶ እዚያው የሚያስቀር። ያየነው ጄል ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ ነው፤ እርጥበት ሲሞላው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ያኔ ደርቆ ይመለሳል ወይም ይቀየራል። የሰው ሁሉ ጭንቅ የሚነገረውም ሰው ይሞላል። እሱም የሚተነፍስበት ይፈልጋል፤ ያም ሱጁድ ነው። የዕቁብም (ዐ.ሰ) ሐዘናቸው ሲበረታ ስሞታቸውን ያቀረቡት ለአላህ ብቻ ነው። ሱጁድ ላይ የተነፈሱት ቃል በማንም ግሩፕ ላይ አይወጣም።

ወንድማችን ትምህርቱን አላቋረጠም፤ አልሐምዱሊላህ። እንዴት እንደተሳካለት አናውቅም። አንድ ሰው በጸጥታ እንዳገዘው እንገምታለን፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ያ ሰውም ለማንም አልተናገረም። እኛ አራት ሆነን ያልቻልነውን አንድ ሰው ያለ ድምፅ ሠራው። አላህ ይቀበለው።

«አፉ በለን» ብለነው «አፉ ብያለሁ» ብሎናል። ይህንንም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ለእሱ አስነበብነው። ሁለት ቦታ አስወጣን፤ እሱን የሚያስለዩ ነገሮችንም ቀየርን። እዚህ ላይ ያነበባችሁት እንዲታወቅ የፈቀደው ብቻ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ማን ይሆን ብላችሁ አትፈልጉ። ፍለጋ ከጀመራችሁ ጽሑፉን ያነበባችሁት በከንቱ ነው።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ተመልሶ ከኛ ጋር ወጣ። ያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እሱ ሳይሆን ከመካከላችን ሌላው «ትንሽ እንተንፍስ» አለ። ተቀመጥን። ምንም አልጠየቅነውም። ስለ ኳስ አወራ፤ ስለ አንድ ክብደቱ የበዛ ኮርስ አወራ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። አንዲት እናት እንጨታቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ቆመው ነበር። ትንሽ ካረፉ በኋላ «ውረዱ እንግዲህ ልጆቼ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» ብለውን ሄዱ።

ያ ረብ፣ የተጨነቁትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን አስተንፍስልን። የሰማነውን አደራ የምንጠብቅ አድርገን። የኛንም ገበና በዱንያም በአኺራም ሸፍንልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።